ሲስተሙ አንድ ያደረጋቸው እህትማማቾች

በመሥሪያ ቤቱ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ወንፊት ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት የሰው ሀብት ኃላፊው ናቸው። ከየጤና ጣቢያው የሚመጣውን ዳታ ግድፈት ካለበት አላሳልፍም እያለች ደጋግማ ብትመልስባቸው ብስጭት አሉና፣ «ይቺስ ወንፊት ናት እንጂ ሰው አይደለችም» አሉ፤ በዚያው ቀረ። እሷም አልከፋትም። ይባስ ብላ ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ወንፊት ነኝ» ማለት ጀመረች። እሳቸውም ቢሆኑ አላመለጡም። ስለ ሥራ መደብ ሳያወሩ ውለው ስለማያውቁ «አቶ መደብ» የሚል ስም አወጣችላቸው፤ እሱም እንደ ሙጫ ተጣበቀባቸው።

ሥራዋ ዳታቤዝ ነው። ድርጅቱ ከከተማ ርቀው የተበታተኑ ብዙ ጤና ጣቢያዎች አሉት። እያንዳንዱ ጣቢያ በራሱ ኮምፒውተር ይመዘግባል፤ ጣሪያው ላይ የተተከለችው አንቴና ኔትወርክ ባገኘች ቁጥር የተመዘገበውን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ትልካለች፤ እዚያ የተለወጠውን ደግሞ ይዛ ትመለሳለች። ሁለቱ ወገን አንድ ዓይነት ነገር እንዲናገር ማድረግ፣ ማለትም ማመሳሰሉ፣ የወንፊት ድርሻ ነበር። በዚያ ዓመት የአቶ መደብ ጣጣ ተጨመረበት። አንዱ ጣቢያ «የካርድ ክፍል ጸሐፊ» የሚለውን ሠራተኛ ሌላው «መዝገብ ቤት» ይለዋል፤ አንዱ ጣቢያማ «የወረቀት ሰውዬ» ብሎ ጽፎ አርፏል። ይህን ሁሉ በታወቀ የሙያ መጠሪያ ሥር ማስገባት ነበረባቸው። ሁለቱ ወንበር አጋጥመው እየተጨቃጨቁ ሰነበቱ፤ ሥራውም አለቀ ተባለ። ሐሙስ ለዳይሬክተሯና ለቦርዱ ሊያሳዩ ቀን ተቆረጠ።

ሰኞ ዕለት ወንፊት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አየች። ከሁሉም በራቀው ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ሠራተኛ ጠዋት «አዋላጅ ነርስ» ትላለች። ከሻይ መልስ ስታያት «የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን» ሆናለች። ምሳ በልታ ስትመለስ ደግሞ አዋላጅ።

«ስህተት ነው። አንዱን አጥፊውና እንገላገል» አሉ አቶ መደብ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«የትኛውን?»

«ደስ ያለሽን። በአንድ ራስ ሁለት መደብ የሚይዝ ሰው የለም።»

«ጋሼ፣ ሲስተሙ እኮ ከመሬት ተነስቶ ሙያ አይፈጥርም። እዚያ ማዶ የሆነ ሰው እየጻፈ ነው። መጀመሪያ ልጠይቅ።»

ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ ንግግሯም ጥድፊያ የበዛበት ነው። «እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ምጥ የያዛት ሴት ጥዬ ነው የመጣሁት፤ በኋላ ይደውሉ» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ወንፊት ከሰዓት እንደገና ደወለች። ያው ጎርናና ድምፅ።

«ወለደች?» አለች ወንፊት።

«ማን?»

«ምጥ የያዛት ሴትዮ ናታ። ጠዋት አዋላጅ ነኝ ብለውኝ አልነበር?»

«እኔ? እኔ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ለማዋለድ ቀርቶ ሲወለድ ለማየትም አንጀት የለኝም።» ከዚያ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እህቴን አግኝተው ነው። መንታ ነን። በሉ እርስዎም ግራ ይጋቡ፤ የቀረው እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

ወንፊት ስቃ ልትመልስላት ስትል ስልኩ ተቆረጠ። ብትሞክር ብትሞክር አልመለስ አለ። ነገሩ ግን ገብቷታል፤ ወንበሯ ላይ ተደግፋ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ቆየች። ሰው የሐመሩን ሐ በሃሌታው ሀ ይጽፋል፣ የንጉሡን ሠ በእሳቱ ሰ ይለውጣል። አንድ ሠራተኛ በፊደል ግድፈት ሁለት ሆኖ እንዳይቆጠር ብላ ሕግ የጻፈችው ራሷ ናት፤ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቀንና ጣቢያ አንድ ከሆኑ፣ የራስ ስም ደግሞ በአንዲት ፊደል ብቻ ከተለየ፣ ሰውየው አንድ ነው የሚል። የመንትዮቹ ስም የሚለየው በአንዲት ፊደል ነበር። አንደኛዋ ስትጽፍ የሌላዋ ይጠፋል፤ የጠፋው ደግሞ ተመልሶ ወደ ጣቢያው ይሄዳል።

«ሕጉ የኔ ነው፤ የማስተካክለውም እኔ ነኝ» አለቻቸው ለአቶ መደብ። «ግን የትኛው ጽሑፍ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ታሪክ ያለው እዚያው ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ ነው። መሄድ አለብኝ። መኪና የሚገኘው ሐሙስ ነው ተባልኩ።»

«ሐሙስ? በማሳያው ቀን? ዋናዋ ባለሙያ ጥላኝ ልትጠፋ?»

«ማሳያው እኔን አይፈልግም ጋሼ። የሚሠራ ከሆነ ያለኔም ይሠራል። የማይሠራ ከሆነ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ ብለምነውም አይሠራም።»

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ማታ ሐሙስ እንደምትሄድ ስትነግረው አንገቱን ከስፌት መኪናው ሳያቀና፣ «ልጆቹን እኔ አደርሳቸዋለሁ። ብቻ የትንሿን ፀጉር እኔ እንዳልነካ፤ ባለፈው መምህሯ ማን ነው የተጣላት ብላ ጠይቃለች» አለ። ወንፊት የልጅቷን ፀጉር ረቡዕ ማታ ጎንጉና አሳደረች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጣቢያው ስትደርስ ግቢው ተተረማምሷል። ጣቢያው ያለው አንድ ሐኪም ብቻ ነው፤ እሱም በመኪና የተገጨ ሰው በአምቡላንስ ይዞ ወደ ሆስፒታል ሄዷል። ማዋለጃው ክፍል ውስጥ ደም የፈሰሳት ነፍሰ ጡር ተኝታለች። በሩ ላይ ሁለት ሴቶች ቆመዋል፤ ቁርጥ አንድ ፊት፣ አንድ ቁመት፣ አንድ ቁጣ። አንደኛዋ የጎማ ሽርጥ አጥልቃለች፤ ሌላዋ ነጭ ጋዋን ለብሳለች።

«ወንፊት ነኝ፤ በስልክ ያወራነው» አለች።

«መጣሽልን?» አለች ባለ ሽርጧ፣ ለሰላምታም ጊዜ አልነበራት። «ደም ባንኩ አልሰጥም ብሎናል። እኔ ደም እንዲላክ እጠይቃለሁ፣ እሷ የደሙን ዓይነት መርምራ ታረጋግጣለች። ሲስተሙ ግን ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ጠያቂዋና አረጋጋጯ አንድ ሰው ናት ይላል! እስከ ማታ ደህና ነበር፤ ደም ባንኩ የእናንተን የሠራተኛ ዝርዝር ማየት የጀመረው ዛሬ ጠዋት ነው።»

«በስልክስ አልነገራችኋቸውም?»

«እናምናችኋለን፣ ግን ሲስተሙ ካላረጋገጠ አንድ የደም ከረጢት አይወጣም አሉ» አለች ባለ ጋዋኗ። «እውነታቸውን ነው። ባለፈው በቃል ታዘው ተሳስተው ሰው ሊገድሉ ነበር።»

ወንፊት ስትፈራ እጇ ይፈጥናል። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ኮምፒውተሩ የት ነው?» አለች ብቻ።

ላቦራቶሪዋ ጠባብ ናት። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ የናሙና ብልቃጦች የተደረደሩበት መደርደሪያ፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት በንጹህ ጨርቅ የተሸፈነ ኮምፒውተር አለ። ወንፊት ቁጭ ብላ የለውጡን ታሪክ ከፈተች። እያንዳንዱ ጽሑፍ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ወለል ብሎ ታያት። ለእያንዳንዷ እህት የየራሷን መለያ ቁጥር ሰጠች፤ ሙያቸውንም በየቦታው መለሰች። ያ ቀላሉ ነበር። ከባዱ ነገር፣ ዋናው ሰርቨር ላይ ያለው ሕግ እስካልወጣ ድረስ አንቴናዋ በላከች ቅጽበት መንትዮቹ ተመልሰው አንድ መሆናቸው ነው። ሕጉን ለማውጣት ደግሞ የሁሉም ጣቢያዎች ማመሳሰል መቆም አለበት። በዚያች ሰዓት ዳይሬክተሯና ቦርዱ አዳራሽ ተቀምጠው፣ ከየጣቢያው የሚመጣውን ዳታ በትልቅ ስክሪን እያዩ ነው።

ለአቶ መደብ ደወለች። «ጋሼ፣ ማመሳሰሉን ላቆመው ነው» አለች።

«አሁን?» አሉ በሹክሹክታ፤ ድምፃቸው ግን ሊፈነዳ ደርሷል። «ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ እያየ? አንቺ ልጅ፣ ጉድ ልታደርጊኝ ነው?»

«ፈቃድ ልጠይቅዎ አይደለም የደወልኩት። ስክሪኑ ድንገት ሲቆም እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።»

ወዲያው የሴት ድምፅ መጣ። ዳይሬክተሯ ስልኩን ተቀብላቸዋለች። «ምንድን ነው ነገሩ?»

«ደም የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር አለች። እኔ የጻፍኩት ሕግ ሁለት ባለሙያዎችን አንድ አድርጎ ደሙን ከልክሏታል። ሕጉን እያወጣሁት ነው።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ለእንግዶቹ ሻይ ያስቀርቡላቸው። ጠጥተው ሳይጨርሱ ይመለስልዎታል።»

«አቁሚው» አለች ዳይሬክተሯ።

አቆመችው። ኔትወርኩ ቀጭን ነው፤ ትእዛዝ ስትጽፍ ቃሉ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው እየተንጠባጠበ ነው። ባለ ጋዋኗ ከጀርባዋ ቆማ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ በሩን ታያለች። መጠበቁ ሲያስጨንቃት ማውራት ጀመረች።

«ልጆች ሆነን ክትባት ሊሰጡን ትምህርት ቤት መጡ። እሷን ወጓት። ተመልሰው መጥተው ደግሞ እኔን መስላቸው እሷኑ ወጓት። እኔ ሳልወጋ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያኔ ስቄ ነበር» አለች። «አሁን ግን ሲስተሙ ውስጥ ላቦራቶሪ ብዬ ስገባ አዋላጅ ነሽ ተብዬ የራሴ በር ሲዘጋብኝ አላሳቀኝም። እኔ እኮ ይህን ሙያ የመረጥኩት የራሴ የሆነ ነገር እንዲኖረኝ ነው።»

ወንፊት ሕጉን አወጣች፤ ማመሳሰሉን ለዚህ ጣቢያ ብቻ መልሳ ለቀቀችና ዞር ብላ አየቻት። «በይ ግቢ» አለችና ከወንበሩ ተነሳችላት። «የራስሽ በር ተከፍቷል። እህትሽ ጥያቄዋን እንደገና ትላክ።»

ባለ ሽርጧ በሚቀጥለው ክፍል ካለው ኮምፒውተር ጥያቄውን ላከች። ባለ ጋዋኗ የምርመራውን ውጤት አንዴ አነበበች፤ ብልቃጡን ብርሃን ላይ ይዛ መለያውን ደግማ አየች፤ ከዚያ አረጋገጠች። ስክሪኑ ጥቂት አሰበና ሁለት የተለያዩ ስሞች፣ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ጎን ለጎን አወጣ። ወዲያው ከደም ባንኩ ስልክ ተደወለ፤ «ሞተረኛው ወጥቷል» አሉ። ወንፊት ለቀሩት ጣቢያዎችም ማመሳሰሉን ለቀቀችው። ከአቶ መደብ የመጣው መልእክት አጭር ነበር፦ «ሻዩ አላለቀም። ነፍሴ ግን አልቃለች።»

ሞተረኛው አቧራ ለብሶ ደረሰ። ደሙ ተሰጣት፤ የነፍሰ ጡሯ ከንፈር ቀስ በቀስ ቀለም አገኘ። ከሰዓት በኋላ ከማዋለጃው ክፍል የሕፃን ልቅሶ ሲሰማ፣ አንጀት የለኝም ያለችው ባለ ጋዋን ተሽቀዳድማ በሩ ላይ ተገተረች። እህቷ ሕፃኗን ጠቅልላ አሳየቻትና፣ «አይዞሽ፣ አንድ ናት፤ መንታ አይደለችም» አለቻት። ሁለቱም በአንድ ድምፅ ሳቁ። ወንፊት ያን ጊዜ ነው ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ትዝ ያላት።

አርብ ጠዋት አቶ መደብ ቢሮዋ ሲገቡ ቁጣቸውን ለመስማት ተዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ግን ወንበራቸውን እየጎተቱ መጥተው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉ። «እኔ እኮ አንዱን አጥፊው ብዬሽ ነበር። ብትሰሚኝ ኖሮስ?»

«ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ ጋሼ። ይልቅ ሌላ ስንት ሰው አዋህደን ይሆን? ከዛሬ ጀምሮ ጣቢያው ራሱ አንድ ሰው ነው ብሎ ሳያረጋግጥ ሁለት መዝገብ አይዋሃድም። እስከ ዛሬ የተዋሃዱትን ግን እየደወልን መጠየቅ አለብን።»

«ቁጥሩን አምጪ» አሉና ስልኩን ወደ ራሳቸው ሳቡ። በመጀመሪያ የደወሉበት ጣቢያ አንድ ሠራተኛ ጥበቃም አትክልተኛም ተብሎ ተጽፏል። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረጉትና በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጥበቃው ራሱ ነው አትክልተኛው?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ በፍጹም!» አለ ከማዶ የተቆጣ ሽማግሌ። «እኔ ጥበቃው ነኝ። እስከ አያት ስም ሞክሼ ነን እንጂ ዘመድ እንኳ አይደለንም! የልደት ቀናችንን ስለማናውቅ ሁለታችንንም የዓመቱ መጀመሪያ ቀን ላይ ጻፉን። ይኸው ስንት ጊዜ ሆነን፣ የሱን የዓመት ፈቃድ ለኔ፣ የኔን የሌሊት ተራ ለሱ እየሰጣችሁ! ሰውየው ችግኝ ሲያጠጣ ውሎ ማታ በር ላይ ያንቀላፋል። ማነህ አንተ ለመሆኑ?»

አቶ መደብ ወንፊትን አዩ፤ ወንፊት ሳቋን አፍና ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«የሰው ሀብት ኃላፊው ነኝ አባቴ» አሉ ወንበራቸውን አስተካክለው። «ቀስ ብለው ይንገሩኝ፤ አሁኑኑ እየለየናችሁ ነው።»