ዊልቸሩ በአራት ስልክ ሲቀረጽ

ወንድማገኝ፣ እንጅባራ ከተማ በተከራያት ክፍል ክረምቱን ሙሉ የሠራው አፕ አራት ስልኮችን ባንድ ጊዜ ያስቀርጽ ነበር። የእሱ ስልክ ያዛል፣ ሌሎቹ ይታዘዛሉ፤ በየአቅጣጫው የተቀረጸው ቪዲዮ ሳይዛነፍ ይገጥማል። ባሕር ዳር ላይ ለሚካሄድ የአፕ ውድድር ማሳያ ቪዲዮ ስላስፈለገው፣ ችግረኞችን የሚረዳ የወጣቶች ማኅበር ከምትመራው ከፋና ጋር ተስማማ። ማኅበሩ ለአንዲት ሴት ዊልቸር ሊሰጥ ነበር።

ሴትዮዋ፣ እትዬ ሽታዬ፣ ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ። እግራቸው ከሰለለ ወዲህ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የቀርቀሃ ቅርጫት እየሠሩ ነው የሚተዳደሩት። ከቤት የሚወጡት በእጃቸው እየዳኹ ነው።

ዊልቸሩ ከሚኒባሱ ወርዶ የእሳቸው መሆኑ ሲነገራቸው፣ ጎማውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። የማኅበሩ ልጆች ደግፈው አስቀመጧቸው። ራሳቸው እየገፉ እስከ አጥሩ ሄደው ተመለሱ።

ወንድማገኝ ግን ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ፊታቸውን በቅርብ ይቀርጽ የነበረው አራተኛው ስልክ መሃል ላይ መቅረጹን አቁሟል። ጥፋቱ የአፑ ነበር፤ ስልክ ሲግል ትእዛዝ መስማት ያቆማል። የሦስቱ ቪዲዮ ለማኅበሩ እንደሚበቃ ያውቃል፤ ለውድድሩ ግን አራቱም ያስፈልጉታል። ስለ አፑ ትንፍሽ ሳይል፣ እንደገና መቀረጽ አለበት አለ።

እትዬ ሽታዬን አውርደው መሬት ላይ አስቀመጧቸው። እሳቸውም ቅር አላላቸውም፤ ግን ዊልቸሩ ሲመጣላቸው ሳቁ። ቢደግሙትም ያው ሳቅ ሆነ። ደስ ብሏቸው ሳለ እንባው ከየት ይምጣ።

ፋና ወንድማገኝን ገለል አድርጋ፣ ለቅሶ ለቅሶ ነው፣ የደስታ ይሁን የሐዘን በቪዲዮ አይለይም አለችው። መቅረጽ እንዲጀምር ነግራው ሄደችና ሴትዮዋ ዘንድ ጎንበስ አለች።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ስም ተሳስተን ነው። ዊልቸሩ የሌላ ሰው ነው።"

እትዬ ሽታዬ የሰሙም አልመሰሉ። ዊልቸሩ ወደ ሚኒባሱ ሲገፋ ሲያዩ ግን ፊታቸው ተጨማደደ።

"ምነው መጀመሪያውኑ ባላስቀመጣችሁኝ" አሉና በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ተንሰቀሰቁ።

አራቱም ስልኮች ቀረጹት። ወንድማገኝ ለፋና አውራ ጣቱን አሳያት። ልጆቹ እየሳቁ ዊልቸሩን መለሱና፣ ለቪዲዮው ብለን ነው እንጂ የእርስዎ ነው አሏቸው። እትዬ ሽታዬ ተራ በተራ አዩዋቸው።

"ውሰዱት። እኔ በእጄ ለምጃለሁ።"

ፋና ጥቂት ለመነቻቸው። እንቢ ሲሉ ተናደደች፤ ዳንግላ የሚጠብቁ ሞልተዋል ብላ አስጫነችው። እትዬ ሽታዬ ጭቃው ላይ እየዳኹ ገቡና በሩን ዘጉት።

ወደ ዳንግላ ሲሄዱ ወንድማገኝ ሚኒባሱ ውስጥ ለቅሶውን፣ እትዬ ሽታዬ መጀመሪያ ላይ ዊልቸሩን ሲገፉ ከተቀረጸው ቪዲዮ ጋር ቀጠለው። ልክ ገጠመ። ፋናንም ስታየው አሳዘናት። ቀጥሎ ጭቃ የለበሱት የእትዬ ሽታዬ መዳፎች መጡ፤ እየዳኹ ሲገቡ ቀረጻውን ያቆመ ሰው አልነበረም። ወንድማገኝ ያቺን ቁራጭ አጠፋትና፣ ዳንግላ ላይ ስልኩ እንዳይግል ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ያስብ ጀመር።