ከሠራ አትደውል

«ያንንስ ማን ረሳው?» አለች ፔርል። ከዝቅተኛው የሐዘንተኛ በርጩማ ላይ ሳትነሳ በጣቷ የባሏን የሥራ ክፍል አመለከተች።

ጎረቤቷ ብሉማ አንሶላ ይዛ ሄደች። በአይሁድ የሐዘን ወግ የቤቱ መስታወቶች ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ተሸፍነዋል፤ የመታጠቢያ ቤቱም፣ የመግቢያውም። በሜንዴል ጠረጴዛ ላይ የተገተረውን ትልቅ ሞኒተር ግን መስታወት ብሎ የቆጠረው ሰው አልነበረም። ሲጠፋ ጥቁር ነው፤ ፔርል በዚያ በኩል ስታልፍ ፊቷን አየችበት። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ የገዛ ፊቷ አስደነገጣት።

«ሬና፣ ነይ ያዢልኝ፣ ሰፊ ነው!» ብላ ተጣራች ብሉማ ከውስጥ።

«እኔ ሐዘንተኛ ነኝ። ሥራ አይፈቀድልኝም» አለች ሬና፣ የፔርልና የሜንዴል አንድ ልጅ።

እዚህ ኮት ሴንት ሉክ በሚባለው የአይሁድ ሰፈር ዓመቱን ሙሉ ሕግ ትዝ የማይለው ሰው ሁሉ በሰባቱ የሐዘን ቀናት ሊቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ማንም ምንም አላላትም። ሬና ግን ወደዚያ ክፍል የማትገባው ለሕጉ ብላ አይደለም። አባቷ ሞቶ የተገኘው እዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው። ለምን እንደገባ የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

የለቅሶ ቤት በር አይቆለፍም፣ አይንኳኳምም። የሜንዴል ወዳጅ ፋይቪሽ ዘው ብሎ ገባና ከጫማው ላይ በረዶውን አራግፎ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ሐዘንተኛው ካልተናገረ ለቅሶ ደራሽ አይናገርም። ለፋይቪሽ ደግሞ ዝምታ ከጾም ይከብደዋል። ጢሙን አሸ፣ ጣሪያውን አየ፣ ባርኔጣውን አሽከረከረ።

«ተናገር እባክህ፣ ልትፈነዳ ነው» አለችው ፔርል።

«እግዜር ይስጥሽ!» ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። «ባልሽ እኮ እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት በአንዲት ሴት መቃብር ምክንያት ስንቴ ደወለልኝ መሰለሽ? የመቃብር ድንጋይዋ ፎቶ ላይ የስሟ ግማሽ የለም፤ ውርጭ በልቶታል። ‹ተወው ሜንዴል፣ ከሞተች ሰማኒያ ዓመቷ ነው፣ ማን ይጠይቃል?› ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እሷ ትጠይቃለች።›»

ፔርል ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ተቆርጦ ልቅሶ ሆነ፤ ፋይቪሽም አብሯት አለቀሰ።

ሜንዴል አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ የቀብር ማኅበሩ አንድ ሥራ ሰጠው፦ የቆዩ መቃብሮችን ፎቶ በላፕቶፑ ላይ እያየ የደበዘዙትን ስሞች ማንበብ። በትንሿ ስክሪን ላይ ፊደሎቹ እርስ በርስ እየተደራረቡ ያስቸግሩት ነበር፤ አንድ ፊደል ከሳተ ደግሞ የአንዱን ቤተሰብ ሬሳ ለሌላው ሰጠ ማለት ነው። ሰባ ስድስት ዓመት ሲሞላው ሬና ያንን ሰፊ፣ ጥራቱ ከፍ ያለ ሞኒተር ገዛችለት። ላፕቶፑን ከሞኒተሩ ጋር የሚያገናኘውን፣ ዶክ የሚባለውን ሣጥንም ጨመረችበት።

የገጠመችው ራሷ ናት። ሥራዋ ነው፤ በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ የኮምፒውተር እርዳታ ስልክ ታነሳለች። ቀኑን ሙሉ በዓይኗ የማታያቸውን ሰዎች «ይንቀሉት፣ እስከ ሠላሳ ይቁጠሩ፣ መልሰው ይሰኩት» ስትል ትውላለች። የተንጠለጠለ ገመድ ማየት ስለማትወድ ዶኩን ከጠረጴዛው ሥር፣ ከኋላ በኩል፣ በብሎን አሰረችው። ቤቱ ቤት ይምሰል ብላ ነው። ሞኒተሩ ሲበራ ሜንዴል አፍንጫው እስኪነካው ተጠጋ። ፎቶው ውስጥ የመቃብር ድንጋዩ ላይ የበቀለው የድንጋይ ሽበት እንኳ አንድ በአንድ ይታያል።

«ጠራቢው እዚህ ጋ እጁ ተንቀጥቅጧል» አለ በጣቱ እያሳየ። «አየሽው? ይቺን ፊደል ሲጽፍ ደክሞት ነበር።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሬና በሕይወቷ ለማንም ሰው እንዲህ ያለ ስጦታ ሰጥታ አታውቅም።

ብሉማ ሸፍና ተመለሰች። ሰው ሁሉ ሊጠይቀው ፈልጎ ያልደፈረውን እሷ ጠየቀች። «ግን ፔርልዬ፣ ምን ሲሠራ ነው እዚያ ሥር የገባው? በዚያ ዕድሜው?»

«የኔ የጆሮ ጌጥ ነው የገደለው» አለች ፔርል።

ሬና ቀና አለች።

«አንዱ ፍሬ እዚያ ክፍል ወድቆ ጠፋብኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጨቀጨቅኩት። የዚያን ቀን ጠዋት እህቴ ጋ ልሄድ ስወጣ እንኳ በር ላይ ቆሜ ‹አንተ ከመቃብር ድንጋይ ላይ ስም ታነባለህ፣ የኔን የጆሮ ጌጥ ግን አታይም› አልኩት። ሊመሽ ሲል ስመለስ ጠረጴዛው ሥር ተደፍቶ አገኘሁት። የሆነ ገመድ እጁ ላይ ተጠምጥሟል፤ ሲፈልግ የተጠላለፈበት ነው። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ብሉማ።»

«እንዲህ አይባልም!» አለ ፋይቪሽ።

ሬና ልትናገር አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ብሉማ የተቀቀለ እንቁላል የሞላ ሳህን አቀረበችላት፤ ሬና አንዱን አንስታ እንዳለ አፏ ውስጥ ከተተችው። መናገር አይቻልም። እንቁላሉን እያላመጠች እናቷን አየቻት፤ አሮጊቷ ያለ ጥፋቷ የተሸከመችውን ሸክም ከሬና በቀር ማንም ሊያወርድላት እንደማይችል ታውቃለች፤ ግን አላመጠች፣ ዋጠች፣ ሌላ አነሳች።

የሆነው እንዲህ ነው። የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ አባቷ ደወለላት። እሷ ቢሮ ነበረች፤ ከፊቷ ያለው ቁጥር ስምንት ሰዎች ወረፋ እንደሚጠብቁ ያሳያል።

«ሞኒተሩ አኩርፏል» አላት። «ብልጭ ይልና ይጠፋል። ሲበራም ሁሉ ነገር ደብዛዛ ነው። ሴትዮዋ ልትገለጥልኝ አንድ ፊደል ሲቀራት!»

«ገመዱ ላልቶ ይሆናል። ወይ ደግሞ ቦታ ቀይረህበታል። ዶኩ ጀርባ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሙሉውን ጥራት የሚያሳልፈው በስተቀኝ ያለው ነው።»

«የሚመሳሰሉ ከሆኑ ለምን ሁለት አደረጓቸው?»

«አባ።»

«እሺ፣ እሺ።»

«ጠረጴዛው ሥር ግባና ሁሉንም ንቀል። እስከ ሠላሳ ቁጠር። ከዚያ በስተቀኝ ባለው ሰካው፣ እስከ መጨረሻው ግፋው።»

«በየትኛው ቋንቋ ልቁጠር?»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ያኔ ግን ቁጥሩ ዘጠኝ ሆነ። ድምጿ ለማታውቃቸው ደዋዮች የምታወጣው ድምፅ ሆኖ ሲወጣ ለራሷም ተሰማት። «አባ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ካልሠራ ደውልልኝ።»

«ከሠራስ?»

«ከሠራ አትደውል።»

አልደወለም። በሬና ሥራ መልሶ ያልደወለ ሰው ችግሩ የተፈታለት ሰው ነው፤ ፋይሉ ይዘጋል። ለስድስት ሰዓታት አንዴ እንኳ ክፉ ነገር አላሰበችም። እንዲያውም ምሳዋን ስትበላ፣ ሴትዮዋ ስሟን አገኘች ማለት ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ወዲያው ሞቶ ይሆን ወይስ ቆይቶ ብላ ስትጠይቀው ማወቅ አይቻልም አላት። ሬና ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ገባ። በሰንበት ሐዘን በአደባባይ አይታይም፤ በርጩማዎቹ ጥግ ተደረደሩ፣ ሬና ለሐዘኑ የቀደደችውን ሹራቧን ቀየረች፣ እናትና ልጅ እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሻማው በራ። ለቅሶ ደራሽ የለም። ሾርባው ቀርቦ ማንም አልነካውም።

«እስክሞት ድረስ ጆሮዬ ላይ ምንም አላደርግም» አለች ፔርል፣ ለሾርባው የምትናገር ይመስል።

«የጆሮ ጌጥሽን እየፈለገ አልነበረም።»

ፔርል ቀና አለች።

«እኔ ነኝ ግባ ያልኩት» አለች ሬና። ከዚያ በኋላ አላቆመችም፤ ሞኒተሩን፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች፣ ዘጠኙን ሰዎች፣ ‹ከሠራ አትደውል› ያለችውን፣ ሁሉንም ተናገረች። 

«ረፋዱ ላይ ነው የደወለው?»

«አዎ።»

«እኔ የገባሁት ሊመሽ ሲል ነው።»

«አዎ፣ እማ።»

«እና አንቺ አንዴ እንኳ አልደወልሽም።»

«ሠራለት ብዬ ነው።»

ፔርል አልጮኸችም። ብትጮህ ሬና በወደደች ነበር። አሮጊቷ ተነስታ ያልተነካውን ሾርባ ወደ ድስቱ መለሰችና መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

በሚቀጥሉት ቀናት ፔርል ስለ ጆሮ ጌጥ ደግማ አላነሳችም፤ ሰው ሲጠይቃት «ልቡ ነው» ብቻ ትላለች። ልጇን ለማንም አሳልፋ አልሰጠችም። ግን አላናገረቻትምም። ሻይ ብትሰጣት ትቀበላለች፣ ፎጣ ብታቀብላት ትወስዳለች፤ ቃል የለም። ብሉማ ሐዘኑ ነው አለች። ሬና ሐዘኑ ብቻ አለመሆኑን ታውቃለች፤ ይገባኛል ብላ ተቀበለችው። ቢሆንም አባቷን ከቀበረች በኋላ እናቷንም በቁሟ እያጣች መሆኗ ሌላ ለቅሶ ሆነባት።

ሰኞ ጠዋት ሰባተኛው ቀን አበቃ። እንደ ወጉ ሁለቱም ከበርጩማቸው ተነስተው ሰፈሩን አንድ ዙር ዞሩ። በረዶው ገና አልተረገጠም። ፔርል ቀደም ብላ ትራመዳለች፤ ሬና ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቀርታ፣ ብትወድቅ ልትይዛት እጇን ዘርግታ ተከተለቻት። አልወደቀችም። በር ላይ ሲደርሱ ፔርል ገባች፤ ሬናም ወደ ቤቷ ሄደች።

ማክሰኞ ሬና ሥራ ገባች። አለቃዋ «አይዞሽ» አላት፣ ማዳመጫዋን አደረገች፣ ቁጥሩ አራት ይላል። ሁለት ሰው እንዳስተናገደች የራሷ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። እናቷ ናት።

«ገላዬን ልታጠብ ነው» አለች ፔርል። በሐዘኑ ቀናት ገላን መታጠብ ስለማይፈቀድ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እሺ፣ እማ።»

«ገንዳው ያንሸራትታል። ስታጠብ ሁልጊዜ አባትሽ በሩ ላይ ቆሞ ያዋራኝ ነበር።»

«አላውቅም ነበር።»

«ከየት ታውቂያለሽ? ስልኩን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እስክወጣ እንዳትዘጊው።»

«አልዘጋም።»

«ሰው ቢጠብቅሽም።»

«አልዘጋም፣ እማ።»

ስልኩ ከገንዳው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ ቀጥሎ ውሃው ይወርድ ጀመር። ቁጥሩ አምስት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። አለቃዋ ከወዲያ ማዶ በእጁ ምልክት ሰጣት። ሬና የሥራ ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ይዛ፣ እናቷ ውሃው ውስጥ ስትንቀሳቀስ ማዳመጥ ጀመረች።