ሬዲዮ ዝም ያለ ዕለት

ክንዱ ላይ የተጠቀለለው የግፊት መለኪያ ጨርቅ እየተነፋ ነው፤ ሬዲዮ ግን ኳሷን ገና ከመሃል ሜዳ አላሻገራትም።

«ግብ ጠባቂው ወጣ» አለ ነፃ እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ። «ወጣ ስላችሁ እንደ ሰው አይደለም የወጣው፤ ቤቱ እንደተቃጠለበት ነው።»

«ክንድህን አታንቀሳቅስ» አለው ተራውን የሚጠብቀው ባለታክሲ።

«የታሰረው ግራው ነው፤ እኔ የማወራው በቀኙ።»

አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ሳቁ። ሬዲዮ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣለት ግን የሚጠይቅ የለም። ፀጉር አስተካካይ ነው። ጠዋት የሱቁን መዝጊያ ወደ ላይ ሲገፋ ወሬ ይጀምራል፤ ማታ ሲቆልፍ ሰው ቢያጣ ለቁልፉ የሚነግረው አያጣም። ፀጉራቸው ሳያድግ የሚቆረጡ ደንበኞች አሉት። ቁም ነገሩ ፀጉሩ እንዳልሆነ እሱም እነሱም ያውቃሉ።

ክሊኒኩ የግፊት መለኪያውን ከሰጠው ወዲህ ደግሞ ቤቱ አዲስ ደንብ አውጥቷል። ጠዋት ሬዲዮ በራሱ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለካል፤ ወረፋ የሚጠብቁት ቁጥሩን ይገምታሉ፤ የቀረበው ሰው ወረፋውን ዘሎ ቀድሞ ይስተካከላል።

«መቶ ሃምሳ አምስት» አለ ባለታክሲው።

«መቶ ሰባ» አሉ ጡረታ የወጡት መምህር፤ ጭካኔ የማያውቁ ሰው ናቸው፣ ወረፋ ሲሆን ግን አይምሩም።

መለኪያው ጮኸ። መቶ ስልሳ ስምንት በዘጠና ስድስት። መምህሩ ያለ አንዳች ሐዘን ተነስተው ኮታቸውን አወለቁ። ቁጥሩም እንደ ልማዱ በስልኩ በኩል ወደ ክሊኒኩ በረረ።

ከኋላ፣ ሱቁን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ለአፍታ ቆም ብሎ እንደገና ቀጠለ። እዚያ የምትሰፋው ሚስቱ ናት። ቁጥር ሲነገር ሁልጊዜ እንዲህ ቆም ትላለች፤ ሬዲዮ ግን ይህን አስተውሎት አያውቅም።

ነገሩ ለእሱም ቢሆን ቀልድ ብቻ አልነበረም። በየቀኑ የሚልከው ቁጥር ከፍ እያለ ስላስቸገረ ዶክተሩ በነገው ዕለት ሁለተኛ መድኃኒት ሊጨምርለት ነው። ባለፈው የመጀመሪያው ከፍ ሲደረግለት ብድግ ባለ ቁጥር ያዞረው ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን የእኚሁን መምህር አገጭ እየላጨ ሳለ ግድግዳው ተንቀሳቀሰበት፤ ምላጩን ወደ ላይ ይዞ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠ። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር ምንም አላዩም። ወሬው ስለተቋረጠ ግን «ምን ሆንክ?» ብለው ጠየቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮን የሚያስፈራው ሞት አይደለም፤ ምላጩን ማስቀመጥ ነው። ቶንዶስ ማንም ይዞ ሊያስተካክል ይችላል። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጉሮሮውን የሚሰጠው ግን ለእሱ ነው።

የመምህሩን ማጅራት አጋምሶ ሳለ ስልኩ ጠራ።

«ጋሼ፣ ነርሷ ነኝ። እንዴት አደሩ?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ አንቺስ? ድምፅሽ ጉንፋን አለበት፤ በዚህ ሰሞን ያልያዘው የለም፣ ትናንት እንኳ አንዱ ደንበኛዬ . . .»

«ጋሼ፣ ጋሼ። የዛሬው ቁጥርም ከፍ ብሏል። ያዞርዎታል እንዴ አሁንም?»

«ቀንሷል።»

«እሱን ለዶክተሩ እነግራለሁ፤ እንዲህ ያለውን አይደብቁን። አሁን ግን ሲለኩ ማየት እፈልጋለሁ። ቪዲዮ ይክፈቱልኝ።»

ባለታክሲው ስልኩን ተቀብሎ እንደ ካሜራ ባለሙያ አንድ ጉልበቱን አጠፈ። መምህሩ ማጅራታቸው በከፊል እንደተላጨ ወደ አግዳሚው ተሰደዱ። ሬዲዮ ተቀመጠ፣ እግሩን በእግሩ ላይ አነባበረ፣ ጨርቁን በነጭ ጋውኑ እጅጌ ላይ ጠቀለለና ቁልፉን ተጫነ።

«እንዲህ ነው ልጄ። ስጀምር አርፌ እቀመጣለሁ፤ እነዚህ ሰዎች ይመሰክራሉ። ትናንትማ ግብ ጠባቂው ጋ ስደርስ ነው የጮኸው፤ አሁን ደግሞ . . .»

«ጋሼ፣ እየለኩ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እያወሩ እኮ ነው።»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለኩት?»

«አርፈህ ተቀመጥ አላላችሁኝም እንዴ? እኔ የማርፈው ሳወራ ነው። ዝም ስል ነው የሚደክመኝ።»

ነርሷ ሳቀች፤ የሥራ ሳቅ አልነበረም፣ ከሆዷ ነው።

«ጋሼ፣ እየላኩልን ያሉት የግፊትዎን ቁጥር አይደለም፤ የወሬዎን ነው። ማውራት ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። እግር መደራረብም እንደዚያው። እጅጌዎንም ይሰብስቡት፤ ጨርቁ ቆዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ጫማዎ መሬት ይንካ፣ ጀርባዎ ይደገፍ፣ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይሁን። ከመለካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሲለኩም ዝም። ከዚያ አንድ ደቂቃ ቆይተው ይደግሙታል።»

«አምስት ደቂቃ?» አለ ሬዲዮ፤ ዓመት የተፈረደበት ይመስል ነበር።

«ይግባኝ የለውም» አሉ መምህሩ ከአግዳሚው።

መጋረጃው ተከፈተና ሚስቱ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች ብቅ አለች። መርፌውን አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካችው።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ሚስቱ ነኝ። እሱ ዝም ሲል እኔ ማውራት እችላለሁ?»

«ጸጥታ ቢሆን ይሻላል እማማ። ሲለካማ ጭራሽ። ከዚያ በፊት ካወሩ ግን እሳቸው አይመልሱ። የሚያናድድም አይሁን።»

«አላናድደውም» አለች ሚስቱ። ፈገግታዋ ሬዲዮን ትንሽ አሳሰበው።

እዚያው ሞከሩት። ባለታክሲው ሰዓቱን ያዘ። ቤቱ ጸጥ ሲል የመስታወቱ መብራት እንደ ንብ እንደሚያጉረመርም ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። ሁለት ደቂቃ ሞላው። ግንባሩ አላበው። ሦስተኛው ላይ ባለታክሲው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ ለማንም እንዳልሆነ፣ «ያቺን ግብ ያገባት አሥር ቁጥሩ ነው» አለ።

የሬዲዮ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። አግዳሚው በሙሉ አፉን በእጁ ያዘ።

«ሰባት ቁጥሩ ነው» አለ ሬዲዮ። «ሰባት ቁጥሩ፣ በግራ እግሩ፣ አንተ የዚያን ጊዜ መሪ እንኳ አልጨበጥክም።»

«ተበላሸ» አለች ነርሷ እየሳቀች። «ጋሼ፣ ማታ ሱቁ ባዶ ሲሆን ይለኩና ይላኩልኝ። ዶክተሩ ነገ ጠዋት ነው የሚያየው። መድኃኒቱ ጠላትዎ አይደለም፤ ካስፈለገ ይጨመራል። ካላስፈለገ ግን ለምን? እውነተኛውን ቁጥር ይስጡኝ።»

ቀኑን ሙሉ ስለ ዝምታ ሲያወራ ዋለ።

ማታ የመጨረሻው ደንበኛ ወጣ። ሬዲዮ ፀጉሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ሰበሰበ፤ መዝጊያውን እስከ ወገቡ ድረስ አወረደ። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ተቀመጠ፣ ጫማውን መሬት አስነካ። ሚስቱ መጋረጃውን ገልጣ መጣችና ስልኩን ተቀበለችው።

«ጀመርኩ» አለች ሰዓቱን እያየች።

ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እዚያ ተቀምጣ አይቷት እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረ።

«አሁን አትመልስም አይደል?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሩ። ትምህርት ቤቱ የዩኒፎርሙን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ።»

ሬዲዮ ዓይኑን አፈጠጠ።

«አፍህን ዝጋ። ነርሷ ምን አለችህ? ሸሚዝና ሱሪ ነው። ብቻዬን አልችለውም፤ ሁለት ሴቶች መኪናቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ቦታ ለእኔ እንኳ አልበቃኝም። ስለዚህ የሚቀመጡት እዚህ ነው።» የተቀመጠችበትን አግዳሚ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

ሬዲዮ በጣቱ አግዳሚውን ጠቆመ፣ ደረቱን ጠቆመ፣ በሩን ጠቆመ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋ። ያለ ድምፅም ቢሆን ረዘም ያለ ንግግር ነበር።

«አዎ፣ ይሄኛው አግዳሚ። አይ፣ አላማከርሽኝም ልትል አትችልም። ነግሬሃለሁ። ደጋግሜ ነግሬሃለሁ። ባለፈው ማታ ‹እሺ› አልከኝና ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ተሻገርክ።»

ሬዲዮ አሰበ። ፍጹም ቅጣት ምቱ ትዝ አለው፤ መቺው እንኳ ስንት እርምጃ ወደ ኋላ እንደሄደ። እሺታው ግን ጨርሶ አልመጣለትም።

«ደግሞ ለምን እንደያዝኩት ስማ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ክሊኒክ የሄድን ዕለት ዶክተሩ ቁጥሩን ሲነግረን አንተ ቀልድ ነገርከው። ዶክተሩም ነርሷም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ሌሊት ትንፋሽህን ሳዳምጥ ነው የነጋልኝ። አንተ ተኝተህም ታወራለህ፤ በዚያ ነው የተጽናናሁት። ይሄ ሥራ ከያዘልኝ ሰኞ ሰኞ ትዘጋለህ። እግርህን ሰቅለህ ታርፋለህ። በቃ፣ ይሄ ነው። ሰዓቱ ሞልቷል፤ ተጫን።»

ተጫነ። ጨርቁ ተነፋ፣ ጨበጠው፣ ቀስ እያለ ለቀቀው። ሁለቱም አልተነፈሱም ማለት ይቻላል። መቶ አርባ ሁለት በሰማንያ ስምንት። አንድ ደቂቃ ጠብቀው ደገሙት። መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ ስድስት።

«የሱቅህን ግማሽ ወስጄብህ እንኳ ወረደ» አለች ሚስቱ።

ብዙም ሳይቆይ መልእክት ገባ፤ ጮክ ብላ አነበበችለት። «ጋሼ፣ ስፈልገው የነበረው ይሄን ነው። ሁለተኛውን መድኃኒት አሁን እንዳይጨምር ዶክተሩን እጠይቀዋለሁ፤ አንድ ሳምንት ልክ እንደዚህ እየለኩ ይላኩልኝ። የሚወስዱትን እንዳያቋርጡ። ለመሆኑ ማን አሸነፈ፣ እርስዎ ወይስ ዝምታው?»

ሬዲዮ በረጅሙ ተነፈሰ። ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ አየው፤ ጣቶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ምላጩ መስታወቱ ሥር በቦታው አለ።

አሁን የሚከለክለው አልነበረም። የሚለው ደግሞ ሞልቶታል፦ ደንበኞቹ የት ሊቆዩ ነው? ግምቱስ? ወረፋውስ? ባለታክሲው ቆሞ ይጠብቃል? ሰኞ ብሎ ነገርስ ምንድን ነው?

«ጨርቁን ደግሞ ነገ ሄጄ ነው የማየው» እያለች ነበር ሚስቱ። «ቀለሙን ሳስበው . . .»

ሬዲዮ አፉን ከፈተ።

ሚስቱ አቋረጠች። ቅር ያላት አትመስልም፤ እንደ ልማዷ ነው ያደረገችው። አረፍተ ነገሯን መሃል ላይ ትታ ተነሳች፣ እጇን ወደ መጋረጃው ዘረጋች። ይህን አነሳሷን ሬዲዮ ያውቀዋል። በየማታው አይቶታል። እስከ ዛሬ ግን የምትነሳው ወሬዋን ስለጨረሰች ነበር የሚመስለው።

አፉን ዘጋ።

ነርሷ ያዘዘችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሬዲዮ ጨርቁን ክንዱ ላይ አስተካከለ፣ ጫማውን መሬት አስነካና ሌላ አምስት ደቂቃ ለማለት አምስት ጣቱን አሳያት። ከዚያ በአገጩ ወደ አግዳሚው ጠቆማት።

ሚስቱ መጋረጃውን እንደያዘች ትንሽ አየችው። ስልኩን ከኪሷ አውጥታ ሰዓቱን አስጀመረች።

«ሰማያዊ ነው» አለች ተመልሳ እየተቀመጠች።