ባለጫማው ፊደል

አቶ ይርዳው ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ሳምንት እግራቸው መሬት መንካት አቆመ። መጀመሪያ አንድ ስንዝር ነበር፤ በኋላ የቤታቸው ጣሪያ አገዳቸው። ሐኪሙ ጨው እንዲቀንሱ መከራቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች ግን ወገባቸውን በነጠላ አስረው፣ ጫፉን በእጃቸው ይዘው ወደ ማተሚያ ቤቴ አመጧቸው።

«ባለጫማውን ፈልጌ ነው» አሉኝ።

ባለጫማው ከእንጨት የተቀረጸ ወፍራም ፊደላችን ነው። እያንዳንዱ እግሩ ሥር እንደ ጡብ የደነደነ ጫማ አለው። ማንሾካሾክ አያውቅም። ለእግር ኳስ ግጥሚያ፣ ለ«መግባት ክልክል ነው»፣ ለ«ውሻ አለ» የሚያህለው የለም። አንዴ የሰርግ መጥሪያ ብናትምበት እንግዶቹ በሰዓቱ መጡ፤ ሙሽራው ራሱ ገና አልደረሰም ነበር። እኔ እወደዋለሁ። በእሱ የታተመ ወረቀት ነፋስ አያነሳውም፤ ደሴ ደግሞ ነፋስ አታጣም።

«ይርዳው ሸንቁጤ» ብዬ ፊደሎቹን ለቅሜ አተምኩ። አቶ ይርዳውን በነጠላው ስበን ወረቀቱን ኮታቸው ኪስ ከተትነው። ተመልሰው ጣሪያው ጋ ወጡ።

«ይሄ ስም ሠላሳ ስምንት ዓመት የመሥሪያ ቤት ፎርም ሲሞላበት ኖሮ አልቋል» አሉ ከላይ ሆነው።

«እርስዎስ ቤት ውስጥ ምን ብለው ይጠሯቸዋል?» አልኳቸው ወይዘሮ አሰገደችን።

ተቆጡ። የዱሮ ሙሽራ ባሏን በስሙ አትጠራም፤ የራሷን ስም ታወጣለታለች። «ሰው ፊት አንቱ ነው የምላቸው። ያንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ በሆዴ ነው የያዝኩት!»

በዚህ መሀል ነፋስ በሩን በረገደው። አቶ ይርዳው ወደ ደጅ መንሸራተት ጀመሩ፤ ነጠላው ከወይዘሮ አሰገደች መዳፍ እየሾለከ ነበር። ባለቤታቸው ጆሮዬ ሥር ጠጋ አሉና ነገሩኝ።

ዋርካዬ። አራት ፊደል ነው፤ በባለጫማው አትሜ ኪሳቸው ከተትኩት።

ቀለሙ ሳይደርቅ አቶ ይርዳው ወረዱ። ወለሉ ተንቋቋ።

«ለሰው ነገርሽ?» አሉ።

«ታዲያ ዝም ብዬ ላጣህ?»

ተያይዘው ሲወጡ በር ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው፤ ደስ ብሎኛል። ጠዋት የጣለው ዝናብ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። የአቶ ይርዳው ዱካ ጥቁርና ጥርት ያለ አራት ማዕዘን ነው። ከጎኑ ሌላ ዱካ የለም። ነጠላው አሁን ወይዘሮ አሰገደች ወገብ ላይ ነው፤ አቶ ይርዳው ጫፉን መዳፋቸው ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመው፣ ወደ ላይ ቀና ብለው እየሳቁ ያጫውቷቸዋል።