ፈርኸንዳ የጻፈችው ሒሳብ

ዋቃር በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ተስኒም በመጋረጃው ክፍተት አየችው፤ ደሟ ፈላ። የእህቷ ሐዘን ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሴቶቹ ነጭ አንሶላ ላይ ተቀምጠው፣ ለሟቿ በያንዳንዱ የተምር ዘር አንድ ዱዓ እያሉ ካንዱ ክምር ወደ ሌላው ያሻግራሉ። ወንዶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው።

"የቴሌቪዥኑ ሰውዬ መጣ" አለቻት ጎረቤቷ ሱግራ በሹክሹክታ። "ሽቶው ቀድሞት ገባ።"

የተስኒም ታናሽ እህት ፈርኸንዳ፣ አላህ ይዘንላትና፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለዚህ ሰው ጽፋለች። ልብስ ሰፊዋ ኑሪ ጨርቅ እየቆረጠች ሒሳብ የምታስረዳበትን ድራማ ላሆር ውስጥ ያላየ ልጅ የለም። ደራሲ ተብሎ የሚወጣው ግን የዋቃር ስም ነው። መልቀቂያ ፈተና ላይ ሒሳብ ሁለቴ የወደቀች ሴት ጻፈችው ቢባል ማን ያምናል ይላት ነበር። እሷ ደግሞ ስለወደቅኩ አይደል ልጅ የት ላይ እንደሚጠፋው የማውቀው ትል ነበር፤ ግን ለተስኒም ብቻ። ለሱ አንድ ቀን ደፍራ አላለችውም። ተስኒምን ከሁሉ የሚያንገበግባት ይኼ ነው።

የቁርኣን ንባቡ አልቆ፣ ከወንዶቹ ጋር የተቀመጡት ሼኽ የዱዓው ምንዳ ለማን እንዲደርስ እንደምትለምኑ ንገሩኝ ሲሉ ዋቃር ጉሮሮውን ጠረገ። ድራማዬን ስጽፍ ትረዳኝ ለነበረች ታማኝ እህታችን፣ አለ።

ሴት በዱዓ መሃል ከመጋረጃ ወዲህ ሆና አትናገርም። ተስኒም ግን ብድግ አለች።

"ሼኽ፣ ይቅር ይበሉኝ። ረዳት አልነበረችም። የጻፈችው እሷ ናት። አላህ ፊት እንኳ ሥራዋ በሰው ስም አይቅረብ።"

ሼኹ ትንሽ አሰቡና "ለጸሐፊዋ ለፈርኸንዳ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም አሚን አለ። ዋቃርም ምን ያድርግ፣ አሚን አለ።

ሰው ሲበተን ዋቃር መጋረጃው ጋ መጥቶ ቆመ። አልተቆጣም፤ ጭራሽ ድምፁን አለሰለሰ። ፈርኸንዳ የድራማውን የመጨረሻ ክፍል የጻፈችበት ደብተር እዚሁ ቤት እንዳለ ያውቃል፤ ሰኞ ቀረጻ ነው፤ ተዋናዩ ሁሉ ይጠብቃል።

"እትዬ፣ እሷ ብትኖር ትሰጠኝ ነበር።"

"ትሰጥህ ነበር። እሷ የዋህ ነበረች፣ እኔ አይደለሁም። አሁን አሚን ያልክበትን ስም ቴሌቪዥኑ ላይ አውጣውና ና።"

"እንዴት ይሆናል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው የሚያውቀው..."

"እንግዲያው ኑሪ ሰኞ ምን እንደምትል ራስህ ጻፍላት።"

ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ። ሱግራ ሳቋን በሻሿ አፈነች።

ተስኒም አልሳቀችም። ጓዳ ገብታ ደብተሩን ከዱቄቱ ቆርቆሮ ጀርባ አወጣች። ፈርኸንዳ የጻፈችውን ሁሉ መጀመሪያ የምታነበው ለተስኒም ነበር፤ እሷ ካልገባት ቀድዳ እንደገና ትጽፍ ነበር። የመጨረሻውን ገጽ ግን ሆስፒታል ተኝታ ስለጻፈችው ልታነብላት አልደረሰችም። ተስኒም ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ለራሷ አነበበች። ኑሪ አንዱን ጨርቅ ለአራት ሙሽሮች የምታካፍልበት ላይ ስትደርስ ሒሳቡ ጠፋባት። ደግማ አነበበች። አልገባትም።

ጣቷን ካለበት ሳታነሳ፣ ደብተሩን ትንሽ ወደ ጎን፣ ፈርኸንዳ ስታነብላት ትቀመጥበት ወደነበረው ባዶ ቦታ ዘንበል አደረገችው።