ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ

«ለሳንታ ኢኔስ ነዋሪዎች በሙሉ! ከዛሬ ሐሙስ ጀምሮ በመንደሩ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ረጅሙን ቁልፍ፣ ማለትም ባዶ ቦታ የሚፈጥረውን፣ ያለ ጉባኤው ፈቃድ የነካ ማንኛውም ሰው መንገድ በመጥረግ ይቀጣል።»

ዶን ቲቡርሲዮ በድምፅ ማጉያው ያነበቡት ጦርነት እንደሚያውጅ ሰው ነበር። ነሬይዳ ማዘጋጃ ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ሰማቻቸው። ከፊቷ ያለው የመንደሩ ድረ ገጽ እንደታጠበ አንሶላ ነጭ ሆኗል።

ነገሩ የጀመረው ከግድግዳው ነው። በሳንታ ኢኔስ የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ ታትሞ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ያልተለጠፈ ነገር እንደተሰረቀ ይቆጠራል። ነሬይዳን ዘንድሮ ድረ ገጹን ያለ ደመወዝ እንድትጠብቅ ጉባኤው መርጧታል። አምና የውሃ ቦዩን ነበር የምትጠብቀው። እምቢ አይባልም። እናም የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል አትማ ለጠፈች። መጀመሪያ «ባንዶች» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ባዶ ቦታ ገባ ብሎ «የላይ ሰፈር ባንድ»፣ ቀጥሎ «የታች ሰፈር ባንድ»። ማሽኑ ገባ ያለውን መስመር ሲያይ «ይህ የዚያ ነው» ብሎ ይረዳል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

የታች ሰፈር ሰዎች ግን ምሥጢር አገኙበት። ዶኛ ኤውስቶልያ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ወለወሉና፣ «በሰልፍ ወደ ኋላ፣ በድግስ ወደ ጓዳ ሲገፉን የኖሩት የላይ ሰፈሮች አሁን ደግሞ በወረቀት ገፉን» አሉ። የላይ ሰፈር መቅደሙን ማንም አልተከራከረበትም፤ ቤተ ክርስቲያኑ እዚያ ከተሠራ ጀምሮ እንዲያ ነው። ያንገበገባቸው ገባ ማለቱ ነበር፤ የላይ ሰፈርም እኩል ገባ ማለቱን ልብ ያለ አልነበረም። ጉባኤው ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቆ፣ በዚህ መንደር ማንም ገባ ተደርጎ አይጻፍም ብሎ ወሰነ። ዶን ቲቡርሲዮ የጉባኤው ጸሐፊም የላይ ሰፈር ባንድ መሪም ናቸው፤ በአንድ ጣታቸው ቁልፍ እየለቀሙ መስመሩን ሁሉ ወደ ግራ ጠርዝ አስጠጉት። እንደ አጥር ቀጥ አለ። ድረ ገጹም ሞተ።

የከተማው የሙዚቃ በዓል አዘጋጆች ደግሞ አርብ እኩለ ቀን ላይ ገጹን ሊያዩ ነው። ከየመንደሩ በዝርዝሩ መጀመሪያ ያገኙትን ባንድ ይጠራሉ፤ ሁለተኛውን ለማንበብ ጊዜ የላቸውም ይባላል። ነሬይዳ ክላርኔት የምትነፋው ለሁለተኛው፣ ከተራራው ወደ ከተማ ወርዶ ለማያውቀው ለታች ሰፈር ባንድ ነው። ቢሆንም የላይ ሰፈርም ቢሆን ይጠራ፤ ነጭ ገጽ ማንንም አያስጠራም።

አርብ ጠዋት ጉባኤው ፊት ቆማ አስረዳች። ስለ ማሽን ባወራች ቁጥር ሁሉም ፊቱን ያጨፈግጋል። በመጨረሻ ማውራቱን ተወችና የሁለቱን ሰፈር ነፊዎች አደባባይ አስወጣች።

«ዶን ቲቡርሲዮ፣ እንደ በዓል ቀን ይቁሙልኝ።»

ሁለቱ መሪዎች ከፊት ቆሙ፤ ነፊዎቻቸው ከየኋላቸው ሁለት እርምጃ ገባ አሉ።

«እነዚህን ወደ ኋላ ያደረጓቸው ንቀው ነው?»

«ምን ንቀት አለው? የኔ ስለሆኑ ነው እንጂ።»

«እሺ፣ አሁን ሁላችሁም መሪዎቹ ያሉበት መስመር ላይ ኑ።»

መጡ። ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው፣ ጥሩምባው ከክላርኔቱ ተደባልቆ አንድ ረድፍ ሆኑ። ዶኛ ኤውስቶልያ አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ አሰገጉ።

«የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?»

«ማሽኑም ይህንኑ ነው የጠየቀው፣ ዶኛ። መልስ ሲያጣ ጊዜ አኮረፈ።»

«ታዲያ ይህን ትናንት ብትነግሪን አፍሽን ያምሽ ነበር?» አሉ ዶኛ ኤውስቶልያ፤ አደባባዩ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ገባ ማለቱ ይመለስ ብለው ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ጉባኤው ረጅሙን ቁልፍ እንዲነኩ ለጸሐፊው ፈቀደ። ዶን ቲቡርሲዮ በሩን ዘግተው ገቡ። ነሬይዳ በረንዳው ላይ ሆና ኮቴ እንደሚያዳምጥ ሰው ጣታቸውን አዳመጠች፤ ቋ፣ ቋ፣ ዝም፣ ቋ። ለእኩለ ቀን ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሩ ተከፈተ። ነጩ ገጽ ነፍስ ዘርቷል፤ ባንዶቹ ከነፎቷቸው ተደርድረዋል። ነሬይዳ ጠጋ ብላ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። የታች ሰፈር ባንድ አንደኛ፤ የላይ ሰፈር ሁለተኛ።

«ዶን ቲቡርሲዮ፣ ቅደም ተከተሉ ተሳስቶብዎታል።»

«አልተሳሳተም።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አደረጉ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፉ።

«አልነግርሽም። ይልቅ ሂጂና ክላርኔትሽን ወልውዪ።»