ያልተፋቀው ቁጥር

ባለሙያዋ ላፕቶፑን ገልብጣ ሆዱን ከፈተችው። ሃርድ ዲስኩን በሁለት ጣቶቿ ነቅላ አወጣችና የሞተ አይጥ ጅራቱን ይዞ እንደሚያሳይ ሰው ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«የኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ከሌላ ማሽን ጋር በገመድ አያይዤ እስከ ምሳ ሰዓት እጨርስላችሁ ነበር» አለች። «እዚህ ግን የተቆለፈው ዲስኩ ራሱ ነው። የትም ብትወስዱት ቃሉን ይጠይቃል። አሥር ጊዜ ከተሳሳታችሁ ደግሞ ውስጡ ያለውን በሙሉ ያጠፋዋል። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነበር መሰለኝ።»

«ነበር» አለች ቤተሰቡ ዳኛዋ የሚላት ትንሿ እህት። «አባታችን ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ ከተወገደ ዕቃ የገዛው ነው።»

«ስድስቱ ሙከራ አልቋል። ማን ነው የሞከረው?»

ታላቅ ወንድም ክራቫቱን አስተካከለ። ታላቅ እህት ወንድሟን በዓይኗ ጠቆመች፤ ሰውን አሳልፎ መስጠት ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰነፍ አልነበረችም።

ዳኛዋ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ገና በስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሰው ላይ መፍረድ አቁማ አታውቅም፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላማ ፍርዷ ይግባኝ የሌለው ሆነ። ዛሬ ግን የተከሰሰችው ራሷ ነበረች። የስልሳ ሁለት ጉድጓዶችን የውሃ ከፍታ አሥራ አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ እየዞረች ለክታለች። ባለፈው ሳምንት ላፕቶፗ አውቶቡስ ውስጥ ተሰረቀ። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታስረክበው አርብ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። ከአምስት ወር በፊት፣ ልኬቱን እንደጨረሰች፣ ፋይሎቿን በአባቷ ላፕቶፕ ላይ ገልብጣ ነበርና፣ በዚህ ምድር ላይ የቀራት ልኬት በባለሙያዋ ጣቶች መሀል የተንጠለጠለው ብቻ ነው።

ሁለቱ ታላላቆች የመጡት ለጉድጓድ ብለው አይደለም። አባትየው ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በየጠዋቱ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ይጽፍ ነበር። ምን እንደሚጽፍ በሕይወቱ እያለ የጠየቀው የለም። ከሞተ ሦስት ወር ሆነው፤ አሁን ሁለቱም ስለ እነሱ ይጽፍ እንደነበር እርግጠኞች ሆነዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ባለሙያዋ ዲስኩን መልሳ ገጠመችና ማሽኑን አስነሳችው። ስክሪኑ ላይ «አራት ሙከራ ቀርቷል» የሚል ወጣ።

«እንግዲህ የበኩር ልጅ ያው የታወቀ ነው» አለ ታላቅ ወንድም፤ የአንድ መምሪያ ኃላፊ ስለሆነ ሁሉንም ነገር ስብሰባ እንደሚከፍት አድርጎ ነው የሚናገረው። ጎንበስ ብሎ የራሱን ስም በአንድ ጣት መታ።

ሦስት ቀረ።

«ጋሼ፣ ቤትህ ስድስቴ ስትሞክር ስምህን አልሞከርክም?» አለች ዳኛዋ።

«ያኔ በአማርኛ ነበር። አሁን በእንግሊዝኛ ነው።»

«ተው እባክህ፣ የኔ ሥራ ነው እኮ ውስጡ ያለው።»

«ቆይ አንቺ፤ የተወለድኩበትን ዓመት ልጨምርበት።» ከማለቱ መታው።

ሁለት ቀረ።

«አንተ ሁልጊዜ በጉልበት ነው» አለች ታላቅ እህት፤ በክርኗ ገፋ አድርጋው ወንበሩን ያዘች። «አባዬ 'እመቤቴ' እያለ የሚጠራው ማንን ነበር?»

«ድመቷን» አለች ዳኛዋ።

«እኔን ነው! ድመቷን የጠራት ከኔ ወስዶ ነው።» እመቤቴ ብላ መታች፤ በመሀል እጇን ሊይዝ የደረሰም አልነበረም።

አንድ ሙከራ ቀረ።

ባለሙያዋ ላፕቶፑን ከፊታቸው ስባ ወደ ራሷ ጠረጴዛ ወሰደችው። «በቃ። ከአሁን በኋላ እዚህ ላይ ጣቱን የሚዘረጋ ሰው ጣቱን ትቶልኝ ይሄዳል።» ከዚያ ወደ ዳኛዋ ዞረች። «የስንት ጊዜ ሥራ ነው?»

«የአሥራ አራት ወር።»

«ቅጂ የለሽም?»

«ነበረኝ። ፍላሽ ላይ።»

«ፍላሹስ?»

«እሱም የላፕቶፔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።»

ባለሙያዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች። ለሁለቱ ታላላቆች ያላሳየችውን ንቀት ለትንሿ አወጣችላት። «ዋናውንና ቅጂውን በአንድ ቦርሳ። የተማረ ይግደለኝ አሉ፤ ይኸው።»

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን ዳኛዋም ከዚህ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አትናገርም ነበር።

«ሰው የይለፍ ቃል ሲያወጣ ከራሱ ብዙ አይርቅም» አለች ባለሙያዋ። «ሟቹ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ጥልቅ ሰው ነበር» አለ ታላቅ ወንድም።

«ለልጆቹ ሟች» አለች ታላቅ እህት።

«ንብረት ክፍል ነበር የሚሠራው» አለች ዳኛዋ።

ባለሙያዋ ከሦስቱ መልስ የያዘችው የመጨረሻውን መሆኑ ፊቷ ላይ ታየ። ከጀርባዋ ባለው መደርደሪያ ላይ ለጥገና የመጡ ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ ስልኩም፣ ቻርጀሩም፣ የተሰነጠቀው ስክሪንም እያንዳንዱ ቁጥር ተለጥፎበታል። ዳኛዋ ቁጥሮቹን ስታይ ቆየችና ድንገት ሳቋ መጣ።

አባትየው ሠላሳ አንድ ዓመት የመሥሪያ ቤት ዕቃ ሲመዘግብ ኖሮ ምዝገባው ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገብቷል። ቤታቸው የገባ ዕቃ ሁሉ በገባበት ቅደም ተከተል በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ይጻፍበታል። ቁምሳጥኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ መጥረጊያው፣ ሁሉም። ከፊቱ ዜሮ ካልደረደረ ቁጥር አይመስለውም ነበር። አንድ ነገር ፈልስሞ የማያውቅ ሰው ነው፤ ድመት ሲያመጣ እንኳ ስም ያወጣላት ከጎረቤት ድመት ቀድቶ ነው።

የይለፍ ቃሉም ያው የዕቃው ቁጥር እንደሚሆን ገምታ ላፕቶፑን ገለበጠችው። ሥሩ አንድ ቦታ ላይ ተፍቆ ነጥቷል።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቀይ ቁጥር ነበር። የት ሄደ?»

«አስፋቅኩት።»

«ምን አደረግክ?»

«ሁሉንም አስፋቅኩት! አባዬ የሞተ ሰሞን ስንት ትልቅ ሰው ነው እዚያ ቤት የመጣው? አለቃዬ መጥቶ የተቀመጠበት ወንበር ጀርባ ላይ እንደ እስረኛ ቁጥር ተጽፎ ሳይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። በማግስቱ ቀለም ቀቢ ጠርቼ የሚቀባውን አስቀባሁ፣ የሚፋቀውን አስፋቅኩ።»

«መዝገቡስ? የሚጽፍበት ደብተር?»

«መጻፊያው ይኼ ላፕቶፕ አይደል እንዴ» አለች ታላቅ እህት፤ በዕለቱ ከተናገረችው ሁሉ ፍሬ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

ዳኛዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

አባቷ ቤት ስትደርስ ከክፍል ክፍል ዞረች። ወንድሟ በአንድ ነገር አይታማም፤ እንዲታይለት የፈለገውን ሥራ በደንብ ያሠራል። ወንበሮቹ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃሉ። ቁምሳጥኑ ንጹህ ነው። ድስቶቹ ሥራቸው ተሞርዷል።

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቆማ ላፕቶፑ የመጣበትን ቀን አሰበች። አባቷ ያን ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ዕቃ ነበር ገዝቶ ያመጣው፤ ላፕቶፑንና አንድ የብረት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ። ሁለቱንም እዚህ ወለል ላይ አስቀምጦ እሷን የቀለሙን ቆርቆሮ አስይዟት ነበር። እሷም ፈተና አለብኝ እያለች ስትነጫነጭበት፣ እሱ ደግሞ እጁን ሳያንቀጠቅጥ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ሲጽፍ።

ወደ ጓሮ ወጣች። ማጠራቀሚያው አጥሩ ሥር አፉ ድረስ ሞልቶ ቆሟል። ለታላቅ ሰው ዓይን የማይገባ ዕቃ ስለሆነ ወንድሟ አልደረሰበትም። ከነሙሉ ግማቱ ዘረገፈችውና ገልብጣ ሥሩን በእግሯ ጠረገች።

000318።

እንግዲህ ላፕቶፑ ወይ 317 ነው ወይ 319። ሙከራው ግን አንድ ነው።

ተንበርክካ በቅርብ አየችው። ዜሮዎቹ ደማቅ ናቸው። ሦስት ቁጥሩም፣ አንድ ቁጥሩም ደህና ናቸው። ስምንቱ ግን ገርጥቷል፤ የታችኛው ክቡ በደረቅ ብሩሽ የተጫረ ነው። አሁን ትዝ አላት። «አለቀ» ብሎ ነበር ቆርቆሮውን ከእጇ ሲቀበላት፤ አዲስ ቀለም የገዛው ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ቀን ከዚህ ስምንት በኋላ የተጻፈ ቁጥር የለም።

ስትመለስ ሁለቱ ታላላቆች እዚያው ሱቁ ውስጥ የአባታቸው ተወዳጅ ማን እንደነበር እየተጨቃጨቁ አገኘቻቸው። ባለሙያዋ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ የሰው ስልክ ትፈታለች።

«ሸተትሽ» አለች ታላቅ እህት አፍንጫዋን ይዛ።

«ቁጥሩን አገኘሁት። ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ ሥር።»

«የአባቴ የመጨረሻ ቃል የቆሻሻ ዕቃ ቁጥር ሊሆን ነው?» አለ ታላቅ ወንድም። «አንድ ሙከራ ነው የቀረን፤ በዚህ ቀልድ አናባክነውም። እኔ የልጄን ስም ነው የምለው።»

ባለሙያዋ ማዳመጫውን አወረደች። «እርስዎ ይቀመጡ» አለችው። «እስካሁን ዕቃ አገላብጦ የመጣ ሰው እሷ ብቻ ናት።» ላፕቶፑን ወደ ዳኛዋ ገፋችላት።

ዳኛዋ ስድስቱን ቁጥር መታች። አንዴ አየችው። ዜሮዎቹን ቆጠረች። ማስገቢያውን ተጫነች።

ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ የኮምፒውተሩ ገጽ ብቅ አለ፤ ላዩ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ «ጉድጓዶች» የሚል የእሷ አቃፊና «የቤት ንብረት መዝገብ» የሚል አንድ ፋይል። አቃፊውን ከፈተች። ስልሳ ሁለቱም ነበሩ።

«ያን ክፈቺ፣ መዝገቡን» አለ ታላቅ ወንድም፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስልሷል። «ስለኛ የጻፈው እዚያ ውስጥ ነው።»

እውነቱን ነው፣ ስለ እነሱም ተጽፏል። ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ የገባበት ቀን፣ ያለበት ሁኔታ፤ ከዳር ደግሞ ምርመራ የሚል ዓምድ። ዳኛዋ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«000094፣ የብረት መሰላል። የመጀመሪያ ልጅ ወሰደው። ፊርማ የለም። ስድስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። 000156፣ ትልቁ ሻንጣ። ሁለተኛዋ ልጅ ተውሳ ጎማው ተሰብሮ ተመለሰ። 'ድሮም እንዲህ ነበር' አለች። አልነበረም።»

«ሌላስ?» አለች ታላቅ እህት።

«ሌላ የለም። የወጥ ቤት ዕቃ ነው።»

የላፕቶፑ መስመር ላይ ስትደርስ ግን ድምፅ አላሰማችም። «000317፣ ላፕቶፕ። ደህና። የመጨረሻዋ ልጅ የውሃ ጥናት ውስጡ አለ። ወንድሟ ስለነካካው ተቆልፏል። ቁልፉ ራሱ ዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር ስለሆነ ለብቻ መንገር አላስፈለገም።»

ደግማ አነበበችው። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደባት።

«ሁለት ፍላሽ ላይ ይገልብጡልኝ» አለች ባለሙያዋን።

«ሁለቱንም በአንድ ቦርሳ ልክተትልሽ?»

«ይገባኛል፤ ይበሉ።»

መዝገቡ 000341 ላይ ያበቃል። ግልበጣው ሲያልቅ ዳኛዋ ከጠረጴዛው ላይ ቀይ ማርከር አነሳችና በአንዱ ፍላሽ ጀርባ 000342፣ በሌላው 000343 ብላ ጻፈች። ዜሮዎቹ ተንጋደዱባት።

«አንቺም ጀመረሽ?» አለ ታላቅ ወንድም።

«ጋሼ፣ መሰላሉን እስከ እሁድ አምጣው» አለችና አንዱን ፍላሽ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ሌላውን ኪሷ ውስጥ ከተተች። «ስትመጣ ትፈርማለህ።»